ጸጥ ያለ መንገድ ዕዳው የማን ነው?

ባለፈው ክረምት ለዘመድ ጥየቃ ከፈረንሳይ አገር ከመጣ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር ሸዋ በር ሥር ቆመን ስንጨዋወት፣ አንድ ጥያቄ ጣለብኝና ሄደ። ሲጥለው ቀላል ይመስል ነበር። ውሎ ሲያድር ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር።

ጓደኛዬ ቅዳሜና እሑድ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ገጠር የመውጣት ልማድ አለው። የሚወጣበት መንገድ መኪና አይገባበትም። «ሰማንያ ኪሎ ሜትር ወንዝ ለወንዝ እሄዳለሁ፤ አንድም የመኪና ጥሩንባ አልሰማም። የምሰማው የውሃውን፣ የወፎቹንና የራሴን ትንፋሽ ነው» አለኝ። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ከኋላችን አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን አምባረቀብንና ሁለታችንም ወደ ዳር ዘለልን። ጓደኛዬ ከት ብሎ ሳቀ። «እናንተስ እንዲህ ያለ መንገድ መቼ ይሆን የሚኖራችሁ?» አለኝ።

«እናንተ» ያላት ነገር ቆነጠጠችኝ። እርሱም እንደ እኔው እዚሁ አፈር ፈጭቶ ያደገ ልጅ ነው። ስለዚህ ብዙ ሳላስብ በእጄ የበሩን ውስጥ አሳየሁት። «አለን እንጂ! ጀጎል ግባ፤ ከፈረንሳይ የበለጠ ጸጥ ያለ መንገድ ታገኛለህ» አልኩት። «እሱማ ጉራንጉር ነው እንጂ መንገድ ነው እንዴ!» ብሎ ወደ ሌላ ጨዋታ አለፈ።

እኔ ግን አላለፍኩም። ለመሆኑ ጸጥ ያለ መንገድ ስንል ምን ማለታችን ነው? ጸጥታው ከየት ይመጣል? ያ ጸጥታ ዋጋ ካለው ደግሞ የሚከፍለው ማን ነው? ጥያቄው የብስክሌትና የአስፋልት ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ወደ ውስጥ ሲዘልቁት ግን ብርቱ ከደካማ ጋር በአንድ መንገድ ላይ ሲገናኝ ማን ለማን ማሰብ አለበት የሚል ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

መጀመሪያ ለጓደኛዬ ፍርድ ልስጠው። የፈረንሳዮቹ መንገድ እውነትም የሚያስቀና ነው። «አረንጓዴ መንገድ» ይሉታል። እግረኛው፣ ብስክሌተኛው፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፋው ሁሉ ሊሄድበት ይችላል። ሞተር ያለው ነገር ግን አይገባበትም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 በቡርጎኝ አውራጃ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ፣ ባቡር በተወው የሐዲድ መስመር ላይ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ስሙ ከነትርጉሙ በአገሪቱ የመንገድ ትራንስፖርት ሕግ ውስጥ ገባ። ጓደኛዬ የሚሄድበት «ትራንስ አርዴን» የሚባለው ነው። ከሻርልቪል ከተማ ተነሥቶ የሜዝን ወንዝ እየተከተለ ቤልጅግ ድንበር አጠገብ እስካለችው እስከ ዢቬ ይደርሳል።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ይህ የሜዝ ዳር መንገድ ለሽርሽር የተቀየሰ አልነበረም። የጉተታ መንገድ ነበር። ሞተር ከመምጣቱ በፊት ዕቃ የጫነ ጀልባ በወንዝ ላይ የሚሄደው፣ ፈረስ ወይም ሰው ዳር ዳሩን በገመድ እየጎተተው ነበር። ዛሬ ብስክሌተኛው የወፍ ድምፅ እያዳመጠ የሚንሸራተትበት ያ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ለጥ ያለው ለጎታቾቹ እግር ሲባል ነው። ጓደኛዬ የሚሰማው ጸጥታ አንድም ወንዙ ያወረሰው ነው፤ አንድም እነዚያ ትከሻዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የተውት ነው።

ሻርልቪል የሚለውን ስም የሐረር ሰው ሲሰማ ትዝ የሚለው አንድ ሰው አለ። አርተር ራምቦ የተወለደው እዚያ ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥም መጻፉን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ወኪል ሆኖ ሐረር ገባ። እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ኖረባት። በስሙ የሚጠራው ቤት ዛሬ ጀጎል ውስጥ ሙዚየም ሆኖ እንግዳ ይቀበላል። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በእግሩ መሄድ የሚወድ ሰው ነበር። ከሐረር የወጣው ግን በእግሩ አልነበረም።

ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ በራሱ ንድፍ የሸራ ቃሬዛ አሠራና 16 ተሸካሚዎች ቀጠረ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1891 ከሐረር ተነሥተው ወደ ዘይላ ወደብ ወረዱ። ጉዞው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝናብ መታቸው፤ ስንቅ ራቃቸው። ራምቦ በመንገድ ላይ የያዘው አጭር የጉዞ ማስታወሻ እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ማስታወሻ ውስጥ አንድ ነገር ሰፍሯል። አንድ ሰፈር ሲደርሱ ተሸካሚዎቹ መሬት ላይ ጥለውት ኖሮ፣ አራቱን እየአንዳንዳቸው 1 ብር፣ በድምሩ 4 ማርትሬዛ ቀጣቸው።

በዚህ ሰው ልፈርድበት አልነሣም። አጥንቱ ውስጥ የገባው ሕመም ወደ ሞት እየነዳው ነበር። ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፤ ኅዳር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ። የተጣለ ሕመምተኛ ቢቆጣ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ያን መንገድ አስቡት። መኪና የለበት፣ ሞተር የለበት፣ ጥሩንባ የለበት። ጓደኛዬ የሚመኘው ዓይነት ጸጥታ ሞልቶበታል። ግን ያ ጸጥታ በ16 ሰዎች ትከሻ ላይ የተቀመጠ ነው። ከላይ የተኛው የሚሰማው የራሱን ሥቃይ ነው። ከታች ያለው ትከሻ ምን እንደሚል ከላይ አይሰማም። ተሸካሚዎቹ ስለዚያ ጉዞ የጻፉት ማስታወሻ የለንም።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቼ የራሴን መልስ ልመርምር። «ጀጎል ግባ» ብዬ ነበር። ጀጎል በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ታጥሮ፣ 48 ሄክታር ያህል መሬት አቅፎ የተቀመጠ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው። ሐረሪዎቹ አስማዲን በሪ የሚሉት የእኛ ሸዋ በር ከእነርሱ አንዱ ነው። መኪና እንዲያሳልፍ ሆኖ የተከፈተው ሐረር በር ከአምስቱ በኋላ የመጣ ነው። ከዋናዎቹ መንገዶች ተገንጥሎ ወደ «ኡጋዎቹ»፣ ማለት ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዶቹ የገባ ሰው፣ በሃያ እርምጃ ውስጥ ሌላ ዓለም ያገኛል። ግንቡ ነጭ ወይ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ነው። ከግቢ ውስጥ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል፤ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ካለፉ ደግሞ ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪና ድምፅ አለ። ከዚህ የበለጠ የሚጮህ ነገር የለም።

ይህ ጸጥታ ከየት መጣ? ሕግ አላወጣውም፤ ታርጋ አልተተከለለትም። ያመጣው ጥበቱ ነው። ከኡጋዎቹ አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። አስጎብኚዎች ለእንግዳ የሚያሳዩት አንድ እጅግ ጠባብ መንገድ አለ። የተጣሉ ሁለት ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ ስለማይችሉ የዕርቅ መንገድ ነው ይሉታል። ተረት ይሁን እውነት፣ ነገሩ ልክ ነው። በዚያ ጥበት ውስጥ ማንም ሰው ሌላውን ሳያይ ማለፍ አይችልም። አህያ የሚነዳው ቀድሞ ድምፁን ያሰማል፤ ቅርጫት የተሸከመችው ትቅደም ተብሎ ወጣቱ በግንቡ ላይ ይለጠፋል። ሰላምታ ሳይለዋወጡ ማለፍ ነውር ይሆናል። እኔ ለጓደኛዬ ላሳየው የፈለግሁት ይህንን ነበር።

ነገር ግን ሐቁን ልናገር። ያ ጥበት ደግ ብቻ አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት ሌሊት ከውስጥ ስትወጣ መኪና ደጃፏ አይደርስላትም። ሲሚንቶም፣ ውሃም፣ እህልም በሰው ጀርባና በአህያ ይገባል። እኔ የማደንቀው ጸጥታ በየቀኑ የሚከፈልበት ወገብ አለ። የራምቦ ቃሬዛ ዛሬም በየሰፈሩ በሌላ መልክ አለች ማለት ነው። «የጥንቱ መንገድ እንዴት ደስ ይል ነበር!» እያለ የሚያመሰግን ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ኩንታል ተሸክሞ ያልሄደበት መሆኑን ራሱን ይጠይቅ።

ታዲያ የፈረንሳዩ መንገድ ጸጥታ ከመለየት የተገኘ ነው። መኪናው በዚያ፣ ብስክሌቱ በዚህ ተባሉ። የጀጎሉ ጸጥታ ከጥበት የተገኘ ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ሁለቱም ግን ሰውን ምርጫ ነሥተው የሚገኙ ናቸው። መኪናው አረንጓዴው መንገድ ላይ ስለ ብስክሌተኛው አስቦ አይደለም የማይገባው፤ ስለተከለከለ ነው። በኡጋው ውስጥ ጎረምሳው ቀስ የሚለው የግድ ስለሆነበት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሦስተኛው ቦታ ነው። ሰፊ የሆነው፣ ያልተከፈለው፣ ሁሉ የሚርመሰመስበት መንገድ። ከሸዋ በር ውጪ ያለው ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር መናገር ግድ ይሆንብኛል።

በልጅነታችን ብስክሌት የሚኖረው የሀብታም ልጅ ነው። ሌሎቻችን ስሙኒ አጠራቅመን ለሩብ ሰዓት እንከራያለን። ሐረር ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች እንደ ድሬዳዋ ለብስክሌት አልታደለችም። እኛ ግን ቁልቁለቱን እንወደው ነበር። ያን ቀን የተከራየሁት ብስክሌት ደወል አልነበረውም፤ ፍሬኑም ደካማ ነበር። ከፊት ለፊቴ ጫት የጫነ አይሱዙ መጣ። የአወዳይ ጫት ሳይጠወልግ ገበያው መድረስ አለበት። ሲጠወልግ ዋጋው አብሮ ይሞታልና ሾፌሩ የሚነዳው ሞት እንደሚያሳድደው ሰው ነው። ጥሩንባውን ሳያቋርጥ እየነፋ ወደ ዳር ገፋኝ። በልቤ እየተራገምኩ ወደ ዳር ወጣሁ። ዳሩ ላይ እንጨት የተሸከመች አንዲት ሴት ትሄድ ነበር። ከኋላዋ ገጨኋት።

ሴትዮዋ በጉልበቷ ወደቀች፤ እንጨቱ ተበተነ። እኔም ወደቅሁ። ስነሣ መጀመሪያ ያየሁት የብስክሌቱን ጎማ ነው፤ ቸርኬው ተጣሞ እንደሆነ አከራዩ ምን ይለኛል ብዬ። ከዚያ ቀና አልኩና «ዞር አትይም እንዴ!» ብዬ ጮህኩባት። የእናቴ እኩያ ነበረች። እርሷ ጉልበቷን እያሻሸች በኦሮምኛ የመለሰችልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አልሰማሁህም እኮ፣ ልጄ»።

አልሰማሁህም! ብስክሌቴ ድምፅ የለውማ። እንጨቷን አንድ ባንድ ስትለቅም ቆሜ አይቼ፣ ሩብ ሰዓቱ እንዳያልፍብኝ ብስክሌቱን ይዤ ሄድኩ።

ይህን ነገር ለዓመታት ባስታወስኩት ቁጥር የምናደደው በአይሱዙው ሾፌር ነበር። የገፋኝ እርሱ ነዋ! አሁን፣ ጓደኛዬ ስለ ጸጥታ ጠይቆኝ ካሰብኩበት በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። አይሱዙው ለእኔ የሆነውን እኔ በዚያችው ደቂቃ ለሴትዮዋ ሆኛለሁ። ከእኔ በላይ ያለው አላየኝም ብዬ ስራገም፣ ከእኔ በታች ያለችውን አላየሁም። የእርሱ በደል በጥሩንባ ታጅቦ መጣ፤ የእኔ በጸጥታ መጣ። ለወደቀችው ሴት ግን ልዩነት አልነበረውም። እንዲያውም የእኔ ሳይብስ አልቀረም። ከአይሱዙው ጥሩንባውን ሰምታ ማምለጥ ትችል ነበር።

ስለዚህ ጸጥታ ማለት የድምፅ አለመኖር አይደለም እላለሁ። ይህ ለፍልስፍና ያህል የተባለ እንዳይመስል። አገራችን በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ፊቷን አዙራለች። ለአየሩ መልካም ነው፤ ለጆሮም መልካም ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ ሲል ድምፁ የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ መንገዶቻችን አንድ ቀን ጸጥ ይሉልናል። ያን ቀን ዳር ዳሩን ጀርባዋን ሰጥታ የምትሄደው ሴት ምን ትሆናለች? አልሰማሁህም እኮ የሚለው ቃል ያን ጊዜ ስንት ጊዜ ይነገር ይሆን?

እንግዲያው ጸጥ ያለ መንገድ የምለው ደካማው ጆሮውን ቀስሮ የማይሄድበትን መንገድ ነው። ልጁ ሳይሳቀቅ፣ አሮጊቷ ሳትደነብር፣ ዓይነ ስውሩ በትሩን ሳያፈጥን የሚሄድበት። በመንገድ ላይ የሆነ ሰው መጠንቀቅ አለበት፤ ያለ ጥንቃቄ መንገድ የለም። ጥያቄው ጥንቃቄውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። ዛሬ የጫንነው በእግረኛው ላይ ነው። «ዞር በል!» የምንለው እርሱን ነው፤ ጥሩንባውም ትርጉሙ ይኸው ነው። ትክክሉ ግን ግልባጩ ይመስለኛል። ብዙ መጉዳት የሚችል ብዙ ይጠንቀቅ። ከባድ መኪና ለትንሿ፣ ትንሿ ለብስክሌት፣ ብስክሌት ለእግረኛ ባለዕዳ ነው። እግረኛውም ባዶ እጁን ከሆነ ለተሸከመው ባለዕዳ ነው። ኡጋው ውስጥ ጎረምሳው በግንብ ላይ ሲለጠፍ የሚከፍለው ይህንኑ ዕዳ ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ጥበቱ ያስከፍለዋል፤ እዚህ ሰፊው ላይ የሚያስከፍለን ህሊናችን ብቻ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ይሞግተኝ ይሆናል። «ወንድሜ፣ ህሊና ጫት የጫነ አይሱዙ አያቆምም» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። ሾፌሩም ቢሆን ጫቱ ቢጠወልግ እንጀራው የሚጠወልግበት ሰው ነው። ስለዚህ ሕጉም፣ ክልሉም፣ የተለየው መንገድም ያስፈልጋል። በኅዳር 2011 ዓ.ም አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ብለው በተወሰነ ቀን አስፋልቱን ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ሲለቁ፣ ልጆች በዋናው ጎዳና መሐል ኳስ ሲጫወቱ አይተናል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት ዕቅድ አውጥታለች፤ በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መሥመር ተቀብቷል። ይህ ሁሉ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን የተዘጋው መንገድ በማግስቱ ይከፈታል። የተቀባውም መሥመር ላይ እግረኛ ይሻገራል። እዚያ ላይ ቀለም ዝም ይላል፤ ሰው ነው የሚናገረው። ሕጉ ግንቡን ያቆምልናል፤ በበሩ የምንገባበትን ሥርዓት ግን ከየትም አያመጣልንም።

ደግሞ አንድ የምወዳት ነገር አለች። ሐረርን ለብዙ ዘመን በታክሲነት ያገለገሉት ፔጆ 404 መኪናዎች ናቸው። ፔጆ የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ መኪና ከመሥራቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ ብስክሌት ይሠራ ነበር። ሰውም እንዲሁ ነው። ባለመኪናው ሁሉ አንድ ጊዜ ባለብስክሌት ነበር፤ ከዚያ በፊት እግረኛ፤ ከዚያ በፊት በእናቱ ጀርባ ላይ ነበር። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የወጣንበትን መርሳታችን ነው ክፋቱ። ከቃሬዛው ላይ ሆነን ትከሻው አይታየንም።

ጓደኛዬ ሊመለስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከአንድ ዘመዱ ብስክሌት ተውሶ በማለዳ ሸዋ በር ጠበቀኝ። እኔም የጎረቤቴን ልጅ ብስክሌት ይዤ ሄድኩ። ወደ ሐረማያ አቅጣጫ ትንሽ ሄድ ብለን፣ መኪናው ሲበዛብን ተመለስን። በሩ ጋ ስንደርስ ገበያተኛው ሞልቶ ነበር። አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ ከፊታችን ትሄዳለች። ጓደኛዬ ደወሉን ሊያሰማ እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት።

«ምነው?» አለኝ።

«ውረድ» አልኩት፤ እኔም ወረድኩ።

ሴትዮዋ ዞራ አላየችንም። እኛም ብስክሌታችንን እየገፋን በእርሷ እርምጃ ልክ ከኋላዋ በሩን አለፍን። ያቺ የወደቀችው ሴት በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ዕዳዬን ለእርሷ መክፈል አልችልም። የመንገድ ዕዳ ግን አንድ ደግነት አለው፤ ከፊት ለሚሄደው ለማንም ቢከፍሉት ይቆጠራል። ጓደኛዬ ለምን እንደወረድን አልጠየቀኝም። ጥያቄውን ጥሎብኝ ሄዶ ነበር፤ መልሱን ደግሞ ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ያገኘው ይሆናል።